ሐረጎ ላይ የማይደክም፣ ማደያ ላይ የማያስመርር መኪና አመራረጥ፦ ዝርዝር መመሪያ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጂዎች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ቤንዚን ቆጣቢ መኪና ለመግዛት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። የሞተሩን ሲሲ ይጠይቃል፣ ትንሹን ይመርጣል፣ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ነድቶ ዋጋ ይነጋገራል። ከወር በኋላ አራት ሰው ጭኖ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ መኪናው ያቃስታል፣ ቤንዚኑም ደላላው እንደነገረው አልሆነም። በእኛ ከፍታና ዳገት ላይ ቤንዚን የሚቆጥበውና ለመንዳት ደስ የሚለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ አንድና ያው ነው፤ ክብደቱ የቀለለ፣ ጉልበቱ ለክብደቱ የሚበቃ፣ ማርሹ ለነጂው የሚታዘዝ መኪና። ይህን ለማግኘት ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች ሳይዘሉ በቅደም ተከተል ይከተሉ።

ከመነሣትዎ በፊት

ካልኩሌተርና ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ የእጅ ባትሪ፣ ነጭ ጨርቅ እና መንጃ ፈቃድዎን ይያዙ። በሙከራው ቀን አብረዎት የሚሳፈሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ያዘጋጁ፤ ባዶ መኪና ዳገት ላይ ምንም አይነግርዎትም። መካኒክ አስቀድመው ይቅጠሩ፤ ሻጩ ያመጣው ወይም ደላላው የጠቆመው ግን አይሁን።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁ። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ የሚቀርብልዎት የቤንዚን መኪና አብዛኛውን ጊዜ አገር ውስጥ ሲነዳ የቆየ ነው። ስለዚህ የሞዴሉ ስም ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ የሚገዙት ያንን አንዱን መኪና ነው።

ደረጃ 1፦ መንገድዎን በወረቀት ላይ ያስፍሩ

መኪናው በሳምንት ውስጥ የት የት እንደሚሄድ ይጻፉ። ደሴ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አጫጭር ጉዞ፣ ኮብልስቶን፣ ዳገትና ያልሞቀ ሞተር ይገጥመዋል፤ በእንዲህ ያለ አነዳድ የትኛውም የቤንዚን መኪና ከሚወራለት በላይ ይበላል። በየቀኑ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ ከሆነ ወሳኙ ዳገቱና ቁልቁለቱ ነው። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርድ ወይም ጣርማ በርን አቋርጦ አዲስ አበባ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ የረጅም መንገድ ምቾትና የራዲያተሩ ጤንነት ይጨመርበታል።

ከሦስቱ አንዱን ይምረጡና ከላይ ያስምሩበት። ሦስቱንም እኩል የሚያሟላ መኪና እፈልጋለሁ ያለ ሰው ገበያ ውስጥ ሲንከራተት ይከርማል።

ደረጃ 2፦ ጉልበቱን ከክብደቱ ጋር ያስሉ

ይህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። አየሩ በሳሳ ቁጥር ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ለስሌት እንዲመችዎ ኮምቦልቻ ላይ ከስድስት እጅ አንዱን፣ ደሴ ላይ ከአምስት እጅ አንዱን ትንሽ አለፍ አድርገው ይቀንሱ። ቱርቦ ያለው ሞተር ብዙም አይጎዳም፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ጭራሹን አይነካውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሞተሩን የፈረስ ጉልበት በ0.78 ያባዙ። የመኪናውን ባዶ ክብደት ከአራት ሰው ክብደት ጋር፣ ማለትም ከ280 ኪሎ ገደማ ጋር ይደምሩና ወደ ቶን ይቀይሩት። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍሉ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ገበያ ላይ የዋለው የሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ባለ 1.0 ሊትሩ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ባዶውን አንድ ቶን ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስሌቱ 43 አካባቢ ይሰጥዎታል። የዚያው መኪና ባለ 1.3 ሊትር ሞተር 87 የፈረስ ጉልበት ስላለው 53 አካባቢ ይደርሳል። ባለ 1.2 ሊትሩ የሦስተኛው ትውልድ ሱዙኪ ዲዛየር ጉልበቱ 83 ብቻ ቢሆንም ክብደቱ 900 ኪሎ ስለማይሞላ 55 አካባቢ ይሆናል። ሲሲው የሚያንሰው መኪና ሲሲው የሚበልጠውን ዳገት ላይ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ በበኩሌ ከ45 በታች የሚወጣውን መኪና ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው እንጂ ሐረጎን ለሚመላለስ አልመክርም። እንዲህ ያለ መኪና ዳገቱን የሚወጣው የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ነው፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒዩተር ሞተሩን ከሙቀት ለመጠበቅ ከወትሮው የበዛ ቤንዚን ይረጫል። ትንሹ ሞተር ቤንዚን በላተኛ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ከ50 በላይ የሆነው ግን ዳገቱን በግማሽ ፔዳል፣ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣል፤ ለነጂውም የሚያስደስተው ይኸው ነው።

ክብደት ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ለሚጠይቅ፦ ሰው የጫነ 1,200 ኪሎ መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ ሜዳ ላይ ከሚበላው በተጨማሪ ከፍታውን ለመውጣት ብቻ ከ0.8 እስከ 0.9 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ያቃጥላል። መኪናው በከበደ ቁጥር ይህ መጠን በዚያው ልክ ያድጋል፤ ሲወርዱ ደግሞ የቤንዚን መኪና ያወጣውን ሁሉ አይመልስልዎትም።

ካልሆነስ? ሻጩ የሞተሩን ጉልበት ካላወቀ ኮፈኑን አስከፍተው የሞተሩን ኮድ ያንብቡና በስልክዎ ይፈልጉ። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ፣ ማለትም ኮዱ ከመኪናው ሞዴል ጋር ካልተስማማ፣ ስሌቱን ትተው ወደ ደረጃ 8 ይዝለሉና ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ያመሳክሩ።

ደረጃ 3፦ ካምቢዮውን ይወስኑ

በዚህ መንገድ ላይ ማኑዋል ካምቢዮ (ማርሹን ነጂው በእጁ የሚቀይርበት) በቁጠባም በመንዳት ደስታም ያሸንፋል። ማርሹን እርስዎ ስለሚወስኑ ሞተሩ ከመድከሙ በፊት ይቀንሳሉ፤ ቁልቁለቱንም በሞተር ይዘው ይወርዳሉ። አሮጌዎቹ ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲኮች ዳገት ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ሲዋልሉ ጉልበትም ቤንዚንም ያባክናሉ። ሲቪቲ የሚባለው፣ የተወሰነ ማርሽ የሌለው ኦቶማቲክ ካምቢዮ በቁጠባ ከእነሱ ይሻላል፤ ነገር ግን ሞተሩ አንድ ዓይነት ጩኸት እየጮኸ ፍጥነቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነጂውን አያስደስትም፣ ሲበላሽ ደግሞ ጥገናው ውድ ነው።

ኦቶማቲክ መግዛት ግድ ከሆነብዎ የማርሽ ዘንጉ ላይ ከዲ (D) ሌላ ኤል (L)፣ 2 ወይም ቢ (B) የሚል፣ መኪናውን በሞተር ለመያዝ የሚያገለግል ቦታ መኖሩን ይመልከቱ። ያ ከሌለ ሐረጎን በፍሬን ብቻ መውረድ ይመጣል፤ እንዲያ ያለውን መኪና ይተዉት።

ደረጃ 4፦ ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ

ቀጠሮውን ማለዳ ያድርጉ፤ ከመድረስዎ በፊት ሞተሩ እንዳይነሣ ለሻጩ አስቀድመው ይንገሩ። እንደደረሱ ሰላምታ እየተለዋወጡ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ። የደሴ ጠዋት ብረቱን እንደ ድንጋይ ያቀዘቅዘዋል፤ ለብ ያለ ሆኖ ካገኙት ሞተሩ ተነሥቶ እንደነበር ይወቁና ቀጠሮውን ወደ ሌላ ቀን ያስተላልፉ።

ቀጥለው በዚህ ቅደም ተከተል ይሥሩ።

ሀ. የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ዘይት ውሃ መግባቱን ያመለክታል፤ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮኑ አልቆ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ያቁሙ።

ለ. የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ብቻ ይክፈቱ። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላል። ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ መኪናውን አይግዙ።

ሐ. አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን እየተመለከተ ሞተሩን ያስነሡ። በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ የሚታይ ነጭ እንፋሎት ምንም አይደለም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁር ጭስ ቤንዚን ያለ ልክ መረጨቱን ይናገራል።

መ. ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) እስኪረጋጋ ይጠብቁ። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ከቀጠለ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ያስፈትሹ፤ ይህ ትንሽ ወጪ ስለሆነ ለዋጋ መከራከሪያ ይጠቀሙበት እንጂ መኪናውን አይጣሉት።

ደረጃ 5፦ ሐረጎ ላይ ይሞክሩ

ሻጩ ከተማ ውስጥ ብቻ ካልሆነ አላስነዳም ቢል የቤንዚኑን ዋጋ እርስዎ እንደሚችሉ ይንገሩት። ያም ሆኖ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ይፈልጉ፤ እኛ አገር ዳገት ያላየ መኪና እንዳልተሞከረ ይቆጠራል። ጉም በወረደበትና ዝናብ በያዘበት ሰዓት ግን ሙከራውን አይጀምሩ። በዚህ መንገድ ሲኖትራክና ተሳቢ ስለሚበዛ የማለፍ አቅሙን ለመለካት ሲሉ ኩርባ ላይ ቀድመው እንዳይወጡ።

ሲወጡ

ከኮምቦልቻ በኩል አራት ሆነው ይነሡ። የማቀዝቀዣውን ኤሲ አጥፍተው ዳገቱን ይጀምሩ። በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ብቻ ይርገጡ፤ መኪናው ፍጥነቱን ይዞ ከወጣ ጥሩ ነው። እየደከመ ሄዶ ወደ ሁለተኛ ካስገደደዎት ስንት ጊዜ እንዳስገደደዎት ልብ ይበሉ። ከዚያ ኤሲውን ከፍተው ተመሳሳይ ዳገት ላይ ይድገሙት፤ ትንሹ ሞተር የሚጋለጠው እዚህ ነው።

ፔዳሉን በድንገት ሲረግጡት የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው) እየተንሸራተተ ነው፤ የፍሪሲዮን መቀየሪያ ወጪን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሐል አልፎ መውጣት ከጀመረ ደግሞ ጠርዝ ይዘው ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ክዳኑን ሳይነኩ ይጠብቁ፤ ያንን መኪና በዚያው ዋጋ መግዛቱን ይርሱት።

ኩርባዎቹን ሲያልፉ መሪውን በሁለት እጅ ይያዙና የሚሰማዎትን ይከታተሉ። የሚያስደስት መኪና መሪው እንደተጠመዘዘ ወዲያው ይታጠፋል፤ ኩርባው መሐል ማስተካከያ አያስፈልገውም፣ ከኩርባው ሲወጣ መሪው በራሱ ወደ መሐል ይመለሳል። መኪናው ጥቂት ማዘንበሉ ነውር የለበትም፤ ካዘነበለ በኋላ ደጋግሞ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ሾክ አብዞርበሩ አልቋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉት ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ ነፋሱን ለክተው ይድገሙት፤ ነፋሱ እኩል ሆኖ አሁንም ከጎተተ ቴስቲናውን (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን) እና የጎማ አቀማመጡን ያስፈትሹ።

ሲወርዱ

በወጡበት ማርሽ ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ ባለው ይውረዱ። ብዙ ነጂ ቤንዚን እቆጥባለሁ ብሎ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ይለቀዋል፤ ይህ በሁለት በኩል ስሕተት ነው። በኮምፒዩተር ቤንዚን የሚረጭ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፔዳሉ ሲለቀቅ ቤንዚኑን ይቆርጣል፤ ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየረጨ ይወርዳል። በዚያ ላይ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ የፍሬኑ ሸራም ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒዩተር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላቸው አሮጌ መኪኖች ቤንዚኑን እንዲህ አይቆርጡም፤ ፍሬኑን በተመለከተ ግን ልዩነት የለም።

ሁለት ነገር እዚህ ይፈትሹ። አንደኛ፣ ረጅም ቁልቁለት ፔዳሉን ሳይነኩ ከወረዱ በኋላ መንገዱ ቀና ሲል ፔዳሉን ጫን ያድርጉና በኋላ መመልከቻው ይመልከቱ። የዚያን ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ፈንድቶ ከወጣ ዘይት ወደ ሞተሩ ማቃጠያ እንዳይገባ የሚከለክሉት የቫልቭ ሲሎች አልቀዋል ማለት ነው፤ ከተማ ውስጥ ቢነዱ ይህ ጉድ አይታይም። ሁለተኛ፣ የሙቀት መርፌው ቁልቁለቱ ላይ እስከ ታች ወርዶ እንደሆነ ያስተውሉ። ከወረደ ተርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ተነቅሎ ወይም ተከፍቶ ቀርቶ ነው። አንዳንድ ጋራዦች ሞተር ሞቀ በተባለ ቁጥር ተርሞስታት ነቅለው ይጥላሉ፤ በደሴ ብርድ እንዲህ ያለ ሞተር በቂ ሙቀት ሳያገኝ ስለሚውል ኮምፒዩተሩ ቤንዚን እያበዛ ይረጫል። የመለዋወጫው ዋጋ ትንሽ፣ የሚያስከትለው ብክነት ግን ትልቅ ነው።

ታች እንደደረሱ መኪናውን ያቁሙና እጅዎን ሳያስነኩ ወደ አራቱም ቸርኬዎች ያቅርቡ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀቱ የሚገርፍ ከሆነ ያ ፍሬን ሳይለቅ ይዞ ቀርቷል፤ ቤንዚኑም በዚያ በኩል ይባክናል። የተቃጠለ ሽታ በአራቱም በኩል ካለ ግን አወራረድዎን ይመርምሩ።

ደረጃ 6፦ ቤንዚኑን ራስዎ ይለኩ

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየውን አማካይ አይመኑ፤ ሻጩ የሚነግርዎትንም እንዲሁ። አንድ ታማኝ ልኬት ብቻ አለ።

ሀ. ኮምቦልቻ አንድ ማደያ ላይ ታንኩን ይሙሉ፤ ቧንቧው በራሱ ሲቆም እዚያው ይበቃል፣ ተጨማሪ አያስጨምቁ። ሰልፍ እንዳያማርርዎት ማለዳ ይሂዱ፤ ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ግን ሙከራውን ያዘግዩት፣ ተመልሰው መሙላት ካልቻሉ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ለ. የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ፤ ስልክዎ ላይም ርቀት መመዝገቢያ ይክፈቱ።

ሐ. ደሴን አልፈው ሐይቅ ድረስ ሄደው ይመለሱ። ደርሶ መልሱ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ነው። ደሴ ብቻ ደርሶ መመለስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአሞላል ላይ የሚፈጠር የሩብ ሊትር ስሕተት ውጤቱን ያበላሸዋል። መውጣት ብቻ ወይም መውረድ ብቻም አይለኩ።

መ. ወደዚያው ማደያ፣ ወደዚያው ቧንቧ ተመልሰው ይሙሉ። ስልኩ የመዘገበውን ርቀት ለገባው ሊትር ያካፍሉ።

ስልኩና ቆጣሪው በብዙ ከተለያዩ ጎማው ከፋብሪካው ልክ ውጭ ሊሆን ይችላል። ለማማር ሲባል ትልልቅ ቸርኬና ሰፊ ጎማ የተገጠመለት ትንሽ መኪና ቤንዚን ይበላል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ወደ ነበረበት ልክ የመመለሻውን ወጪ ያስሉ።

ከ1.0 እስከ 1.3 ሊትር ሞተር ያለው መኪና በዚህ መንገድ ላይ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ካልሄደ እኔ አልቀበለውም። ካነሰ ከርካሹ ጀምረው ይፈትሹ፦ የጎማ ነፋስ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የያዘ ፍሬን፣ ተርሞስታት፣ በመጨረሻ የኦክስጅን ሴንሰር። ሻጩ ካስተካከለ ልኬቱን ይድገሙት፤ እርስዎ የሚያስተካክሉት ከሆነ ወጪውን ከዋጋው ያስቀንሱ።

ደረጃ 7፦ የሚመለከቱት መኪና ኤሌክትሪክ ከሆነ

ለመንዳት ደስታ ኤሌክትሪክ መኪና ዳገታችን ላይ ተወዳዳሪ የለውም፤ ከፍታው ጉልበቱን ስለማይቀንስ በፈረስ ጉልበት እኩል የሆነ የቤንዚን መኪና ከኋላው ይቀራል። ሲወርድም የወጣበትን ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። እዚህ ላይ ደሴ ለሚኖር ሰው ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተው ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ ከወረዱ ባትሪው ተጨማሪ ኃይል መቀበል ስለማይችል በሞተር የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ፍሬኑ ብቻውን ይሠራል። ስለዚህ በሚወርዱበት ቀን 85 ወይም 90 በመቶ ላይ ያቁሙት።

ከመግዛትዎ በፊት የቤትዎን ቆጣሪና የሽቦ መስመር በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሹ። ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ቢዋይዲ ሲጋል በተራ የቤት ሶኬት ከባዶ እስከ ሙሉ ለመሙላት ሌሊቱን ሙሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዕቅድዎ ይፈርሳል። ለዚህ ባትሪ አምራቹ በቻይና መለኪያ የሚገልጸው 305 ኪሎ ሜትር በተራራ መንገድ የሚገኝ ርቀት አይደለም። ደሴ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በደረጃ 1 ላይ ያሰመሩት አዲስ አበባን ከሆነ በመንገዱ ላይ የሚሞሉበትን ቦታ በእርግጠኝነት ሳያውቁ አይግዙ። ከተማ ውስጥና እስከ ኮምቦልቻ ለሚመላለስ ግን ከቤንዚን መኪና በፊት ሊታይ ይገባዋል።

ደረጃ 8፦ ሰነዱን ያመሳክሩ፣ ዋጋውን ይዝጉ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በእጅ ባትሪ እያበሩ ከብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ቦሎው የዘመኑ መሆኑን፣ መኪናው ላይ እዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። አንድ ቁጥር እንኳ ቢለያይ፣ ሻጩ ምንም ዓይነት ምክንያት ቢሰጥ፣ ቀብድ አይክፈሉ።

ዋጋ ሲነጋገሩ በየደረጃው የጻፉትን ጉድለት አንድ በአንድ ያንብቡለት፤ በደፈናው ቀንስልኝ ከማለት ይልቅ የፍሪሲዮን፣ የጎማና የተርሞስታት ወጪ መጥራት ይበልጥ ይሠራል።

መኪናውን በተረከቡበት ሳምንት የአየር ፊልትሮውንና ካንዴላዎቹን ይቀይሩ፣ ዘይቱን ከነፊልትሮው ያስለውጡ፣ ጎማዎቹን ጠዋት ሳይነዱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሙሉ፤ ከዚያ የደረጃ 6ን ልኬት በድጋሚ ሠርተው ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ። በየጥቂት ወሩ ይለኩና ከዚያ ቁጥር አንድ ኪሎ ሜትር በሊትር ሲቀንስ መካኒክ ጋ ከመሄድዎ በፊት የጎማውን ነፋስና የቸርኬዎቹን ሙቀት ራስዎ ይፈትሹ።